ለልጃችን አንገት የተሠራው ሐብል

ሰፈሩ ባለቤቴን «እቴጌ» ነው የሚላት። ዙፋን የላትም፤ ያላት የወጥ ቤት ጠረጴዛ ነው፤ እሱንም ከእኔ ቀምታ ነው። ጡረታ ወጥቼ ቁርሴን ተረጋግቼ ልበላ ነው ስል፣ ጉጠቱ፣ የብር ሽቦውና የዶቃው ብልቃጥ ጠረጴዛውን ወረሱት። እኔ ሳህኔን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ነው የምበላው። ምን ይደረግ፣ እቴጌ ያገባሁት እኔው ነኝ!

የጥንት ነገሥታት ሥዕሎች ያሉበት አንድ ትልቅ መጽሐፍ አላት። በማጉያ መነጽር የንግሥቶቹን አንገት ስታጠና፣ ዶቃ ስትቆጥር ትውልና በዚያው አምሳል ጌጥ ትሠራለች። አሠራሯ ደግሞ የራሷ ነው። ማንኛውንም ጌጥ መጀመሪያ በመዳብ ትሠራና ሦስት ቀን ራሷ አድርጋው ትውላለች። ሽንኩርት ስትልጥ፣ ልብስ ስታሰጣ፣ ከእኔ ጋር ስትጨቃጨቅ ካልቆረቆራት ብቻ በብር ትሠራዋለች። አንድ ቀን ዘውድ ጭና ገበያ ወጥታ ቲማቲም ሻጯ «ምነው፣ በሰላም ነው?» ብላታለች። እኔ ከኋላ ዘንቢል ይዤ ተከትያለሁ፤ አሽከር መስዬ።

የልጃችን የሠርግ ቀን እንደተቆረጠ መጽሐፉን ገለጠችና አንዲት ንግሥት መረጠች፤ ከአገጯ ሥር እስከ ደረቷ በሐብል የተሸፈነች። ለምን እሷን እንደመረጠች አልጠየቅኋትም፤ ገብቶኛል። ልጃችን ከሁለት ዓመት በፊት አንገቷ ላይ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት፣ ጉሮሮዋ ላይ አግድም ጠባሳ ቀርቶባታል። እናቷ፣ ሰው ሁሉ ሙሽራዋን ትቶ ጠባሳውን ያያል ብላ እንቅልፍ አጥታለች።

ሦስት ወር ለፋችበት። መዳቡን ሦስት ቀን ሳይሆን ሳምንት ሙሉ አድርጋው ዋለች። «ማድረጌንም እረሳዋለሁ፤ ምንም አይቆረቁርም» አለችኝ።

ሠርጉ ስምንት ቀን ሲቀረው ልጃችን መጥታ አደረገችው። አቤት ማማሯ! ጥሩ ቃል ከአፌ ተጎትቶ የሚወጣው እኔ እንኳን ዓይኔን ጠረግሁ። እሷ ግን አንገቷን ዞር ስታደርግ ፊቷ ጭፍግግ አለ።

«ምነው?» አለች እናቷ።

«ምንም።»

«ምንም ብሎ ነገር የለም፤ ንገሪኝ!»

«ጠርዙ ጠባሳዬን ይፈገፍገዋል፤ ያመኛል። ግድ የለም እማዬ፣ ለአንድ ቀን እችለዋለሁ። አንቺ እንዳታፍሪብኝ ብዬ ነው እንጂ እኔስ ጠባሳውን ለምጄዋለሁ።»

ባለቤቴ ክው ብላ ቀረች። ለካ ሳምንት ሙሉ የሞከረችው በራሷ አንገት ነው፤ የሷ አንገት ደግሞ ጠባሳ የለበትም።

«እኔ ባንቺ ላፍር? ምነው ልጄ!»

«ታዲያ ለምን ትሸፍኚዋለሽ?»

 

እናቷ ሐብሉን ቀስ ብላ አወለቀችላትና «ጠባሳሽን ልንካው?» አለቻት። ሁለት ዓመት ሙሉ ነክታው አታውቅም ነበር። በጣቷ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደችበት። ልጅቷ ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ባለቤቴ ወረቀት አምጥታ የጠባሳውን ርዝመት፣ ከአገጭም ያለውን ርቀት ለካች። መቁረጫውን ስታነሳ ግን አላስቻለኝም።

«ሴትዮ፣ አብደሻል? የሦስት ወር ልፋት ነው!»

«አንተ ቁርስህን ብላ!» አለችኝና የሐብሉን ፊት ለፊት ቀጭ አደረገችው። ከዚያ በኋላ እስከ ሠርጉ ድረስ ከጠረጴዛው አልተነሳችም፤ ምግብ የሠራሁት እኔ ነኝ። ጨው በዛበት ያለኝም የለም።

ሠርጉ ደረሰ። ሐብሉ ከግራና ከቀኝ ይመጣና ጠባሳው ጋ ሲደርስ ይከፈታል፤ ከታች አንዲት ቀጭን ሰንሰለት ብቻ ታያይዘዋለች። በክፍቱ ዳር ዳር ከመጽሐፉ ያልተቀዱ፣ ከራሷ የፈለቁ ጥቃቅን ዶቃዎች ተደርድረዋል። ጠባሳው መሃል ላይ ተገልጦ ይታያል።

ፎቶ አንሺው ካሜራውን አስተካክሎ ወደ ባለቤቴ ጠጋ አለና «እናቴ፣ አያስቡ፤ አንገቷ ላይ ያለችውን መስመር በኋላ በኮምፒውተር አጠፋታለሁ» አላት፤ መልካም የዋለላት መስሎት።

«ንካትና እንተያያለን!» አለች እቴጌ፣ አዳራሹ እስኪሰማ። «ይሄን ሁሉ ብር ዙሪያዋን የደረደርኩት ለማን መሰለህ?»

ልጃችን ሳቋ አመለጣት። ምስኪኑ ፎቶ አንሺ ደንግጦ በዚያው ቅጽበት የካሜራውን ቁልፍ ተጫነው። ፎቶው ሳሎናችን ተሰቅሏል፤ ልጄ ራሷን ወደ ኋላ ጥላ ትስቃለች፣ አንገቷም ሙሉ በሙሉ ይታያል።