ከተዝካሬ ማግስት

ከመካነ ሰላም የወጣሁት በገዛ ተዝካሬ ማግስት፣ ዶሮ ሳይጮህ ነው።

ሚስቴን ከቀበርኩ ወዲህ ልጄ ትርሲት ከሻርጃ፣ «አባዬ፣ መጥተው ከእኔ ጋር ይረፉ» ትለኝ ነበር። የመምህርነት ጡረታዬ ሽሮና የስኳር መድኃኒት ይሻሙበታል። አወጣሁ፣ አወረድኩ። እዚያ ብሞት ሬሳዬን ለማምጣት የልጄ አቅም አይፈቅድም። ስለዚህ ቤቴን ሸጥኩ፤ ግማሹን ለመንገድ፣ ግማሹን ለቁም ተዝካር አደረግሁት።

በሬ ታረደ። ለሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ሙክት በራሳቸው እጅ ታረደ። የቅሬያችን፣ ማለት የቀባሪ ማኅበራችን ዳኛ አያ ሰይድ ተነስቶ፣ «መምህር ከእኛ ጋር ጨርሰዋል፤ አውፍ ተባባሉ፣ ይቅር ተባባሉ» አለ። አልቃሾቹ ፊቴ ቁጭ ብለው አለቀሱልኝ። ደስ አለኝ ብል አትፍረዱብኝ፤ ሙሾውን በጆሮው የሰማ ሰው ጥቂት ነው።

የመካነ ሰላምን ውርጭ ስረግም የኖርኩ ሰው ሻርጃ ገብቼ ውርጭ በሕልሜ ለመንኩ። ልጄ የምትኖረው በስስ ጣውላ በተከፈለ ክፍል ነው፤ ፓርቲሽን ይሉታል። የምታከራየን የደሴ ልጅ ናት። የአገሬ ሰው ብዬ ጉንጯን ስሜ ሳልጨርስ ኪራይ ጨመረችብኝ።

«አባባ፣ ሌላው ተከራይ ማታ ገብቶ ይተኛል። እርስዎ ግን ቀንም ኤሲ እንዲነፍስልዎ ይፈልጋሉ።»

«ጡረታ የወጣሁት እኮ ቤት ልውል ነው፣ ልጄ።»

«እንግዲያው የመዋያ ይክፈሉ።»

ከዚያ ወዲህ የምውለው ሞል ውስጥ ነው። ጥበቃው ሲያተኩርብኝ ሰው እንደሚጠብቅ ሰው በሩን አያለሁ። ልጆቻችሁ «ኑ» የሚሏችሁ እኩዮቼ፣ የማረፊያ ሂሳብ ስትሠሩ ይህንንም ደምሩ።

በቅርቡ ደግሞ ሐኪሙ የኩላሊቴን ነገር አረዳን። ትርሲት ስታስብ ከርማ፣ «አባዬ፣ ደሞዜ ወይ ቪዛዎን ያድሳል ወይ መድኃኒትዎን ይገዛል፤ ሁለቱን አልችልም» አለችኝ። አልዋሸችም።

«እመለሳለሁ። ቤት ባይኖረኝ ሰው አለኝ» አልኳት።

በማግስቱ ከሞሉ ወንበር ላይ ሆኜ አያ ሰይድ ጋ ደወልኩ።

«አልሐምዱሊላህ! ይምጡ፣ አገርዎ ነው» አለኝ። «ከማን ቤት ያርፋሉ?»

«ቅሬው አንድ ጥግ አይነሳኝም።»

«መምህር፣ እኛ'ኮ ተሰነባብተናል። ተዝካርዎን በልተናል። አንድን ሰው ሁለቴ ቅበሩ ብዬ ሰዉን እንዴት አዝዛለሁ?» አለኝ።

«እንደ አዲስ አባል ልግባ።»

«አዲስ ገቢ መቃብር ይቆፍራል፣ ድንኳን ይሸከማል። እርስዎ የትኛውን ይችላሉ?»

ዕድሜዬን ከጠመኔ የከበደ ነገር አላነሳሁም። ፈራሁ። ያለ ቀባሪ መቅረት ምን እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

አያ ሰይድ ሳያዝንልኝ አልቀረም። «አብሽሩ» አለኝ፣ «ያን በሬ ሰው እስከ ዛሬ ያነሳዋል።»

ማታ ትርሲት ከሥራ ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ «ምን አሉ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ይምጡ፣ አገርዎ ነው አሉኝ» አልኳት።

ፊቷ ፈካ። እዚያው እንደቆመች በስልኳ ትኬት መፈለግ ጀመረች።