አራት ምልልስ በቀን

ሀርጌሳ የውሃ ቦቴ መንዳት የጀመርኩ ዕለት ቀጣሪዬ ሐጂ ከመኪናው ቁልፍ ጋር አንድ እስር ጫት አስጨበጠኝ። ድሬዳዋ ያደገ ሰው ነውና አማርኛው ከእኔ ይሻል ነበር። «ወርያ፣ ጦርነት ነው፤ ሰው ውሃ ጠምቶታል። በቀን አራት ምልልስ ትነዳለህ። ይኼ ያነቃሃል» አለኝ።

ቧንቧው በጦርነቱ ተሰባብሯል። ከከተማ ውጭ ካለ ጉድጓድ ሞልቼ ኮድቡር ሰፈር እገለብጣለሁ። ያኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ የተማርኩት ከአርባ ዓመቴ በኋላ ነው። ስለዚህ የመኪናው በር ውስጠኛ ገጽ ላይ በየቀኑ በጠመኔ እጭር ነበር፤ ከላይ ምልልሱን፣ ከታች የቃምኩትን እስር።

በመጀመሪያው ወር ከላይ አራት፣ ከታች አንድ። በሦስተኛው ወር ከላይ ያው አራት፣ ከታች ሦስት። ምርቃናው ጠፋ፤ ጫቱ ቅጠል ብቻ ሆነብኝ። ሌሎቹ ሹፌሮች መላ አያጡም፦ አንዱ ኮካ ጨምርበት ይላል፣ አንዱ ክኒን ዋጥበት ይላል። ሁሉም እንደ ሐኪም ይመክራሉ፣ ሁሉም መሪ ይዘው ያንቀላፋሉ። ሐጂ ደግሞ «የአወዳዩን ለጋ አመጣልሃለሁ» አለ። አመጣ። የምቅመው በቀን አራት እስር ደረሰ።

አንድ ረፋድ ላይ፣ ዓይኔ እንደፈጠጠ፣ የኬላውን ገመድ ሳላየው በጠስኩት። ታጣቂዎቹ ተኮሱ። ጥይቱ እኔን ስቶ ታንከሩን በሳው። ጎትተው አወረዱኝ። ከመካከላቸው አንዱ ጉንጬ በቅጠል መወጠሩን አየና በሶማልኛ «ተውት፣ እሱም እንደኛ ነው» ብሎ ሳቀ። በዚህ ተረፍኩ። የሚያኮራ መትረፍ አይደለም።

መካኒኩ ጋሽ ተካ ቀዳዳውን በጣቱ እየለካ ሰደበኝ። «አንተ ደደብ፣ ሰውነትህ ለምዶታል። በጨመርክለት ቁጥር ይለምዳል። አሥር ቀን ተወው፤ ከዚያ ጥቂቱ ይበቃሃል።»

«ሐራራውስ?»

«ትችለዋለህ። እናትህ ምጥ ችላ የለም እንዴ!»

የብየዳው ጀኔሬተር እስኪገኝ ቦቴው አሥር ቀን ቆመ። እኔም ተኛሁ። ሌሊት ዱካክ በቅዠት እያስጮኸኝ፣ ጎረቤት እየረገመኝ ከረምኩ። ሥራ ስመለስ ግማሽ እስር አነቃኝ። ብልህ የሆንኩ መሰለኝ። ሁለት ወር ሳይሞላ የታችኛው ጭረት እንደገና ሦስት ደረሰ። የላይኛውን፣ የምልልሱን ጭረት፣ ልብ ብዬ ያየሁት ያኔ ነው፤ ከአራት ዝቅ ብሎ አያውቅም።

«ሐጂ፣ ከዛሬ ጀምሮ የምነዳው ሁለት ምልልስ ነው። ጫቱንም ይተዉት።»

«የሚነዳ ሞልቷል።»

«ይንዳዋ!» ብዬ ቁልፉን ኮፈኑ ላይ አስቀመጥኩለት። ሁለት ወር ሥራ ፈታሁ። ከዚያ ሌላ ሰው ዘንድ በሁለት ምልልስ ገባሁ።

እናንተ አሁን የምትነዱ ሹፌሮች፣ ማረፍ ጥቂቱ ጫት እንዲበቃ ያደርጋል። ሥራው ካልቀነሰ ግን መጠኑ ተመልሶ ይወጣል። እንቅልፍ የመጣበት ሹፌር መኪናውን አቁሞ ይተኛ።