በጠመንጃው እንጨት ላይ ያለው ስድሳ አራት

ሴሉ ውስጥ መጀመሪያ ያየሁት የግድግዳውን ቀለም ነው። እስከ ወገብ ጥቁር አረንጓዴ፣ ከዚያ በላይ የቆሸሸ ነጭ። ሰዎች ጀርባቸውን ያስደገፉበት ቦታ በላብ ወዝቶ ያብረቀርቃል። አስካሪው፣ ተረኛው ፖሊስ፣ ጫማዬን አስወልቆ አስገባኝና በሩን ዘጋ። በኬንያው ሞያሌ ተወልጄ ሳድግ በዚያ ፖሊስ ጣቢያ በር ዘወትር አልፍ ነበር፤ ውስጡ ምን እንደሚመስል ግን አስቤ አላውቅም ነበር።

በፈረንጅ 2006 ነው። ጠዋት የእናቴን አልጋ ቤት ሲፈትሹ፣ ከመጋዘኑ ጣሪያ ሥር በጆንያ የተጠቀለለውን የሟች አባቴን ጠመንጃ አገኙ። እናቴ ታማ ተኝታለች። የቤቱ ኃላፊ ማን ነው ሲሉ እኔ ነኝ አልኩ።

ኢንስፔክተሩ መኪና ውስጥ በስዋሂሊ ነገሩን ግልጽ አደረገልኝ። የጦር መሣሪያ ከሆነ ለማዶ አማፂዎች የተቀመጠ ነው ማለት ነው፤ እኔም ተላልፌ ተሰጥቼ ጉዳዬን እዚያው ማዶ እጨርሳለሁ። የአደን ጠመንጃ ከሆነ ግን ጥፋቱ ፈቃድ አለማውጣት ብቻ ነው፤ እዚሁ ፍርድ ቤት እቀርባለሁ። ማዶ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ፣ ዩኒቨርሲቲ ስማር በተማሪዎች ግርግር ታስሬ ወጥቻለሁ። ሁለተኛ ከገባሁ የምወጣ አይመስለኝም ነበር።

ሴሉ ውስጥ አንዲት ሴት ቀድማኝ ነበረች። ኡራን የሚባል መንደር ሰው እንደሆነችና ስኳር ያለቀረጥ ስታሳልፍ እንደተያዘች ነገረችኝ። ምንጣፏን ከፈለችልኝ፣ ከጫፓቲ ቂጣዋም ቆረሰችልኝ። ስኳር በጭነት መኪና ስታመላልስ የኖረች ሴት እጇ ለምን እንዲህ ለሰለሰ ብዬ አሰብኩ፤ ወዲያው ደግሞ አፈርኩ።

«ኢንተላ» ትለኛለች፣ በኦሮምኛ ልጅቷ ማለቷ ነው። «ጠመንጃው የአባትሽ ነው አይደል? ማነው የሰጠው?»

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ደጋግማ ስትጠይቀኝ ግን ትንሽ ነገር ሰጥቼ ልገላገል ፈለግሁ። አባቴ ጎሽ የጣለበትን ዓመት እንጨቱ ላይ መቅረጹን ነገርኳት። አባቴ ባደገበት አገር ግዳይ የጣለ ሰው ዓመቱን በመሣሪያው ላይ ያኖራል። ከሰዓት በኋላ እሷን ጠርተው ወሰዷት። ስትመለስ ከአፏ የወተት ሻይ ሸተተኝ።

በማግስቱ ጠዋት ኢንስፔክተሩ ቢሮ ወሰዱኝ። ጠመንጃው ጠረጴዛው ላይ ነው። ጥግ ላይ ሲቪል የለበሰ ሰው ተቀምጧል። ኢንስፔክተሩ አስተርጓሚ ነው አለኝ። እኔና ኢንስፔክተሩ በስዋሂሊ እየተነጋገርን አስተርጓሚ ለምን እንዳስፈለገ አልጠየቅሁም። የሰውየው ጫማ ይብለጨለጫል። ሞያሌ ውስጥ አቧራ የሌለበት ጫማ የዕለት እንግዳ ጫማ ነው።

«አይዞሽ እህቴ» አለኝ፣ በጠራ የከተማ አማርኛ። የማዶ መንግሥት ሰው መሆኑ ገባኝ።

ኢንስፔክተሩ ስለ ጠመንጃው የማውቀውን እንድናገር አዘዘኝ። ሰው ፊት መናገር የሚከብደኝ ነኝ፤ መጀመሪያ ጠመንጃውን አነሳሁ። አባቴ እንዳስተማረኝ አፈሙዙን ወደ ግድግዳ አዙሬ፣ ከፍቼ፣ ጥይት እንደሌለበት በጣቴ ዳስሼ አረጋገጥኩ። ከዚያ መናገር ቀለለኝ።

ለጦር የተሠራ ነው፤ አልካድኩም። ከመክፈቻው ሥር ብረቱ ላይ የእንግሊዝ ዘውድና 1917 የሚል ዓመት ተመትቶበታል። አባቴ የአንድ ፈረንጅ አዳኝ ሾፌር ነበር። ፈረንጁ ጠመንጃውን ናይሮቢ ወስዶ ለአደን አሠርቶታል፤ በኋላም ለአባቴ ሰጠው። የተለወጠውን አንድ በአንድ አሳየሁ። እስከ አፈሙዙ ድረስ ይሄድ የነበረው እንጨት ከግማሽ በታች ተቆርጦ ጫፉ ተሞርዷል፤ ጥቁር የጎሽ ቀንድም ተገጥሞበታል። የሳንጃው መያዣ ወልቋል። ብረቱ አጥሯል። ዐሥር ጥይት ይይዝ የነበረው ካዝና አምስት ብቻ በሚይዝ ተተክቷል።

«ያሳጠሩትማ ጋቢ ውስጥ እንዲገባ ነው» አለ ሰውየው። ስዋሂሊው የተሰባበረ ነበር።

«ለመደበቅ የሚያሳጥር ሰው በመጋዝ ቆርጦ ይተወዋል» አልኩ ለኢንስፔክተሩ። «ይሄ አፈሙዙ ተስተካክሏል፣ አዲስ ማነጣጠሪያም ገብቶለታል። ደግሞስ አፋንዴ፣ ጌታዬ፣ ጥይቱን በግማሽ የሚቀንስ ተዋጊ አለ?»

ኢንስፔክተሩ ፈገግ ብሎ በስዋሂሊ እህቴ አለኝ። «ዳዳ፣ እኔን ያስፈራኝ ጠመንጃው ሳይሆን አንቺ ይህን ሁሉ ማወቅሽ ነው።»

ባወቅሁ ቁጥር ነገሩ በእኔው ላይ እየጠነከረ ነበር።

ኢንስፔክተሩ ጠመንጃው መቼ እንደተለወጠ የሚያሳይ ነገር እንዳለ ጠየቀ። እኔ ሳልመልስ ሰውየው ተነስቶ ጠመንጃውን ገለበጠና አውራ ጣቱን እንጨቱ ሆድ ላይ፣ ቀንዱ ከመጀመሩ በፊት ካለው ቦታ አሳረፈ። ቦታውን ሲፈልግ አልቆየም፣ አልዳበሰም። የአባቴ ቅርጽ እዚያ ነው፤ ጠቁሮ ከእንጨቱ ጋር ስለተመሳሰለ ለማያውቅ ሰው አይታይም።

«የኢትዮጵያ ቁጥር ነው» አለ። «ዘጠና አራት ይላል። በእናንተ 2002 ማለት ነው። ያኔ እሷ እዚያ ተማሪ ነበረች።»

የተቀረጸው ፷፬ ነው። ስድሳ አራት። በፈረንጅ 1972 ገደማ፣ እዚህ አገር አደን ሳይከለከል በፈቃድ ይደረግ በነበረበት ዘመን። በግዕዝ ቁጥር ስድሳንና ዘጠናን የተማረ ሰውም ያምታታቸዋል። ሰውየው ተሳስቶ ይሁን አስቦበት እስከ ዛሬ አላውቅም። ስድሳ ነው አልኩ። ዘጠና ነው አለ። ኢንስፔክተሩ ሁለቱንም አያነብም፤ አንዴ እኔን አንዴ እሱን ያያል። ማንን ለማመን እንደሚቀለው ገባኝ።

«አፋንዴ፣ ቁጥሩን ማንበብ አያስፈልግዎትም» አልኩ። «እንጨቱን ይዩት። የተቀረጸው ጫፉ ከተሞረደ በኋላ፣ የተሞረደው ቦታ ላይ ነው። ቅርጹ አሮጌ ከሆነ ለውጡ ከእሱ ይቀድማል። አጠገቡ ጫር ያድርጉት።»

ኢንስፔክተሩ የመኪናውን ቁልፍ አውጥቶ ጫረ። ከሥሩ ገርጣ ያለ እንጨት ወጣ። የአባቴ ቅርጽ ግን እስከ ሥሩ ጥቁር ነው።

«የጫማ ቀለም ቀብተውት ነው» አለ ሰውየው።

ኢንስፔክተሩ ነገሩን ችላ አላለውም፤ እሱም ሁላችንንም ይጠረጥር ነበር። አስካሪውን ከኩሽና በጋዝ የተነከረ ጨርቅ አስመጥቶ ቅርጹን አጥብቆ ፈተገው። ጨርቁ ላይ ቀይ አቧራ ብቻ ወጣ።

«በአራት ዓመት እንጨት እንዲህ ይጠቁራል?» አለው። ሰውየው ጠመንጃውን መልሶ ገለበጠው።

«ሃያ» አለ ኢንስፔክተሩ፣ በስዋሂሊ ይሁን እንደማለት፣ ብዕሩንም አነሳ። ፈቃድ የሌለው የአደን ጠመንጃ ብሎ ሲጽፍ ከፊት ለፊቱ ሆኜ ጽሑፉን ተገልብጦ አነበብኩት።

ሰውየው ወንበሩን ወደ እኔ አስጠጋ። ኢንስፔክተሩ አማርኛ አይሰማም።

«እህቴ፣ ዛሬ በእንጨት አመለጥሽ» አለ በዝግታ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ የለም። «እናትሽ ታማለች አሉ። አንድ ቀን እኔና አንቺ ለብቻችን ብንጫወት አይሻልም?»

ብዙ ሰው በእንዲህ ያለ ቦታ በአማርኛ መልሷል፤ የመለሰው በኋላ ሌላ ሆኖ ተተርጉሞ ጠብቆታል። ወደ ኢንስፔክተሩ ዞርኩ።

«አፋንዴ፣ ይህ ሰው እያናገረኝ ነው። ያለውን እርስዎም እንዲሰሙት እፈልጋለሁ።» ሰውየው የተናገረውን ሳልጨምር ሳልቀንስ በስዋሂሊ ደገምኩት። ስለ እናቴ ያለውንም ሳልዘል ጨረስኩት።

ኢንስፔክተሩ ብዕሩን አስቀመጠ።

«ምነው፣ አማርኛ ጠፋብሽ?» አለኝ ሰውየው።

«አማርኛ ጠፋብሽ ወይ እያለኝ ነው» አልኩ፣ አሁንም በስዋሂሊ።

ኢንስፔክተሩ ሰውየውን ትክ ብሎ አየው። ሰውየው ሰዓቱን ተመለከተና ተነስቶ ወጣ።

ፍርድ ቤቱ ጠመንጃውን ወረሰ፣ እኔን በዋስ ለቀቀ። ክሱ እየተንዛዛ ሄዶ ቀረ። ስለ ቅርጹ የነገረቻቸው ሴሉ ውስጥ የነበረችው ሴት ናት ብዬ አሁንም አልፈርድም፤ ጠመንጃው እነሱ ዘንድ አድሯል፣ ሰውየው ቅርጹን ራሱ አግኝቶትም ይሆናል።

ዛሬ ታሪክ አስተምራለሁ። አማርኛ የእናቴ ቋንቋ ነው፤ ቤት ውስጥ ሌላ አልናገርም። ሆኖም የማላውቀው ሰው ጠጋ ብሎ በአማርኛ፣ በዝግታና በትሕትና ሲያናግረኝ፣ መልስ ከመስጠቴ በፊት ዓይኔ የሚሰማን ሦስተኛ ሰው ይፈልጋል።