መኪና ሥር ላለመግባት የማለው ሰው

ሰፈሩ «ላፕቶፕ» ነው የሚለው። ሃያ ሁለት ዓመት በመካኒክነት ሠርቶ ወገቡ አልታዘዝ ሲለው የመፍቻ ሳጥኑን ቆለፈና ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ ተማረ። የሞተር ኮምፒውተር ያስተካክላል። ገመዱን መሪው ሥር ይሰካል፣ ቁጥሮቹን ያያል፣ ቤንዚኑንና አየሩን ያመጣጥናል፤ መኪናው ቀለል ብሎት ይሄዳል። ሁለተኛ መኪና ሥር ላይገባ ለሚስቱ ምሎላታል። ማታ ማታ ጀርባውን የምታሸው እሷ ስለሆነች መሐላውን ወዳዋለች።

ችግሩ ደንበኞቹ ናቸው። አንዱ ጭስ የሚተፋ፣ አንዱ ዘይት የሚጠጣ ሞተር እየነዳ ይመጣና «በኮምፒውተር አድንልኝ» ይለዋል።

«እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ሐኪም አይደለሁም» ይላቸዋል። ይስቃሉ፤ መኪናውን ግን ትተውለት ይሄዳሉ።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ የተማሪ ሰርቪስ የምትነዳ ሴት መጣች። ሃምሳን ያለፈች፣ ትንሽ ትልቁ «እትዬ» የሚላት ናት። ሚኒባሷ ዳገት ላይ አቅም ያጥራታል።

«ልጆቹ ‹ወርደን እንግፋልሽ?› እያሉ ይቀልዱብኛል» አለችው።

ገመዱን ሰካና አብረው አንድ ዙር ነዱ። ዳገቱ ላይ ሲደርሱ ሞተሩ ቤንዚን እንዳጠረው ቁጥሮቹ ነገሩት።

«እትዬ፣ ይሄ የኔ ሥራ አይደለም። ቤንዚኑ በቅጡ አይደርሳትም። መካኒክ ይየው።»

«ወደ አንተ የላከኝ እኮ መካኒኩ ነው። ፓምፑን ቀየረና ‹በኔ በኩል ጨርሻለሁ፣ ኮምፒውተሩ ነው› አለኝ። ስመላለስ ይሄ ሦስተኛዬ ነው። እናንተ እንደ ኳስ ስትቀባበሉኝ ልጆቹን ማን ያድርስልኝ?»

ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። የከበደውም ይኸው ነው። መደረግ ያለበትን ያውቃል፤ መሬት ላይ ተኝቶ ቱቦውን ከታንከሩ እስከ ሞተሩ መከተል ነው። ወገቡን አሰበ። በር ላይ ተራ የሚጠብቁትን ሦስት መኪኖች አየ። ከዚያ ኮምፒውተሩ ተጨማሪ ቤንዚን እንዲረጭ አደረገና ስትበራ የከረመችውን የማስጠንቀቂያ መብራት አጠፋት። ክፋት አልነበረም፤ ደክሞት ነው። ሚኒባሷ ተሻላት፤ እትዬም መርቃው ሄደች።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ረጅሙ ዳገት ወገብ ላይ ሞተሩ አንኳኳና ጸጥ አለ። ውስጥ አሥራ አንድ ልጆች ነበሩ። እትዬ ፍሬኗን ይዛ፣ ወርዳ ጎማው ሥር ድንጋይ አስገባች፤ ልጆቹን እጅ ለእጅ አያያዘችና አንድ በአንድ በእግሯ ቤታቸው አደረሰች። ማንም አልተጎዳም።

ይህን በስልክ የነገረው መካኒኩ ነው። «ተጎትታ እኔ ጋ መጥታለች። ሞተሯ ከመጠን በላይ ግሎ ፒስቶኗ ቀልጧል። የአንተ እጅ አለበት» አለው።

«የአንተስ?»

ስልኩ ተዘጋ።

በማግስቱ ጠዋት የመፍቻ ሳጥኑን ይዞ ወደ መካኒኩ ጋራዥ ሄደ። እትዬ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጣለች። ሰላም ብሏት ካርቶን አነጠፈና ተንጋለለ። ከታንከሩ ጀምሮ የቤንዚኑን ቱቦ በጣቱ እየዳበሰ ሄደ። ከሹፌሯ መቀመጫ ሥር ሲደርስ ጣቱ ቆመ። አንድ ሰው ጎማ ሲቀይር ክሪኩን ያለ ቦታው አስገብቶ የብረት ቱቦውን ጨፍልቆታል። ለሜዳ የሚበቃ ቤንዚን ያሳልፋል፤ ለዳገት ግን አይበቃም። እሱን ለማግኘት አሥር ደቂቃ እንኳ አልፈጀበትም።

ቶሎ አልወጣም። የያዘው ወገቡ ብቻ አልነበረም።

«እትዬ» አላት ሲነሳ፣ «ያን ቀን ይሄን ማየት እችል ነበር፣ አላየሁም። መብራቷንም ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

እትዬ ከጎማው ላይ ቀና ብላ አየችው። «እኔ መብራቱ ሲጠፋ ዳነች ብዬ ነበር» አለች። ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

ከመካኒኩ ጋር ቱቦውን ቀየሩ፣ ሞተሩንም አወረዱት። ዘጠኝ ቀን ፈጀ። እሱ ከሥር፣ መካኒኩ ከላይ ሆነው ሠሩ። በአሥረኛው ቀን እትዬ ዳገቱን ወጥታ ተመለሰችና «ደህና ናት» ብላቸው ሄደች። ምርቃት አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ መኪና ሲመጣለት መጀመሪያ የቤንዚኑን ግፊት ይለካል፣ ከሥር ገብቶ ያያል፤ ጤነኛ ካልሆነ ላፕቶፑን አይከፍትም። ሁሉንም እሱ አይጠግንም፤ ያገኘውን በወረቀት ጽፎ ራሱ ለመካኒኩ ይደውላል፣ ባለመኪናው እንዳይንከራተት። ደንበኛው ግን «ኮምፒውተሩን ላሠራ ነው የመጣሁት፣ ማን ፍታ አለህ?» ብሎ ይቆጣል። የሰፈሩ መካኒኮች ሥራችን ውስጥ ገባ ብለው ያሙታል። ሚስቱ አትቆጣም፤ ቅባቱን ይዛ ትመጣና «ዙር» ትለዋለች።

ባለፈው ሰኞ አምስት መኪና መጣለት። ሁለቱን አስተካከለ፣ ሦስቱን ወረቀት ሰጥቶ መለሰ። አንደኛው ሰውዬ ወረቀቱን እዚያው በር ላይ ጥሎት ሄደ፤ ከሰዓት በኋላ ሌላ የኮምፒውተር ሠራተኛ ዘንድ መኪናውን በሃያ ደቂቃ እንዳሠራ ተሰማ።

«ይሁን» አለና ወረቀቱን አንስቶ ኪሱ ከተተው፤ ከዚያ ቀስ ብሎ፣ በአንድ እጁ ግድግዳውን ተደግፎ፣ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።