ጀማነህ በምሳ ሰዓት የሚተርከው ንጉሥ

ሪከንባከር በሚባለው የመጋዘን ሰፈር፣ የጭነት መጋዘናችን ውስጥ የሐበሻውን የምሳ ጠረጴዛ የመሠረትኩት እኔ አምሃ ነኝ። በጾም ወራት ተራ ገብተን ሽሮ የምናመጣበትን ሥርዓት ያወጣሁትም እኔ። ጀማነህን ከስደተኛ ጣቢያ በመጣ በሁለተኛው ወር ያስቀጠርኩት፣ ዕቃ ማንሻውን ፎርክሊፍት መንዳት ያስተማርኩት እኔው። ባጎረስኩ ተነከስኩ ማለት ይሄ ነው።

ጀማነህ ቀጭን፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ሰው ነው። ጣቢያው ውስጥ ልጆች ያስተምር ነበር። ወደ ሥራ ሲነዳ ስለ ሊዩ ባንግ፣ ስለ ጥንቱ የቻይና ንጉሥ የተጻፈ መጽሐፍ በስልኩ ይሰማል፤ የሰማውን በምሳ ሰዓት ይተርካል። ሊዩ ባንግ የገበሬ ልጅ፣ መጠጥ ወዳድ፣ ተራ የሰፈር ሹም ነበር አሉ። እስረኞች ሲያጅብ ጥቂቶቹ አመለጡበት። ቅጣቱ ሞት መሆኑን ስላወቀ የቀሩትንም ፈትቶ ሸፈተ፤ ኋላም የሃንን ሥርወ መንግሥት መሠረተ። ሰዉ ሽሮው እስኪቀዘቅዝ አፉን ከፍቶ ይሰማዋል። ቀድሞ የሚሰማው እኔን ነበር።

ቀናሁ። ሌላ ስም የለውም። አንድ ቀን፣ «ንጉሡ ‹በጦርነት የጦር አለቃዬ ሃን ሺን ይበልጠኛል፤ እኔ ግን እሱን ማሠራት አውቅበታለሁ› አለ» ብሎ ሲተርክ፣ የማሸጊያ ክፍሏ ውባለም «ልክ እንደ ጋሼ አምሃ! በጨዋታ ጀማነህ ይበልጠዋል፤ ያስቀጠረው ግን እሱ ነው!» አለች። ሁሉም ሳቁ። የእኔም ጥርስ ሳቀ።

ኒው አልባኒ ባለ ሌላ መጋዘን ክፍያው የተሻለ ሥራ መከፈቱን ስሰማ ለራሴ አላሰብኩትም። እሱ ከሄደ ጠረጴዛው ይመለስልኛል አልኩ። ማመልከቻውን እኔው ሞላሁለት፤ የሥራ ምስክር፣ ሪፈረንስም ሆንኩለት። ሲቀጠር እጄን ሊስም ጎንበስ አለ። «ጋሼ፣ አንተ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር?» ሰዉ ሁሉ መረቀኝ። አፈርኩ፤ ቢሆንም እሱ የማይኖርባትን ሰኞ ናፈቅሁ።

ሰኞ በቦታዬ ተቀምጬ ጨዋታ ልጀምር ስል፣ ውባለም ስልኳን እፊቴ አቆመችው።

«ጀማነህ ኮል አድርጎልናል! የምሳ ብሬኩ ከእኛ ጋር እኩል ነው!»

ድምፁ መጣ፤ ትረካውን ካቆመበት ቀጠለ። ንጉሡ ዘመቻ ላይ ሳለ ሚስቱ ሃን ሺንን አስገደለችው። ንጉሡ ተመልሶ ሲሰማ ደስም አለው፤ አዘነም።

«እንዴ፣ ሁለቱም አንድ ላይ እንዴት ይሆናል?» አለች ውባለም።

እንዴት እንደሚሆን እዚያ ጠረጴዛ ላይ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

«ጋሼ አምሃ፣ ስልኩ አንተ ጋ ነው፤ ድምፁን ጨምርልን» አለችኝ።

ጨመርኩላቸው።