ዘር ሊቆጠር ሲል የጠፋው ዲስክ

የስንዱ ሽማግሎች ዘር ሊቆጥሩ ቤታችን ሊመጡ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ማህሼቩ፣ ኮምፒዩተሩ ማለቴ ነው፣ ዲስኮቼን አላያቸውም አለኝ...

ዘጠናዎቹ መካከል ላይ ነው፣ እስራኤል፣ ኔታንያ፣ ነቬ ኢታማር ሰፈር። ስንዱን ላገባ ነው። በእኛ ወግ ደግሞ እስከ ሰባት ቤት ዘር ሳይቆጠር ጋብቻ የለም። የእናቴን ወገን አጥርታ የምታውቀው አክስቴ ብቻ ነበረች። ከማረፏ በፊት እሷ ስትቆጥር እኔ በማህሼቭ ጻፍኩት። ወረቀት ላይ ግን አላተምኩትም።

ጥፋቱ የራሴ ነው። ቦታ ጠበበኝ ብዬ ሌላ ያገለገለ ዲስክ ገዝቼ ከድሮው ኋላ በገመድ ቀጠልኩበት። ከዚያ ወዲያ ሁለቱም ጠፉ።

በማግስቱ አሮጌ የማህሼቭ ዕቃ ከሚሸጥ ሱቅ፣ ሃኑት፣ ገባሁ። ባለቤቱ ከሩስያ የመጣ፣ እዚያ መሐንዲስ የነበረ ሽማግሌ ነው። ችግሬን ነገርኩት።

«ተርሚናቶር የለህማ» አለኝ በተሰባበረ ዕብራይስጥ።

ለካ የገመዱ መጨረሻ ላይ የሚሰካ መዝጊያ ነው። እሱ ከሌለ መልእክቱ ጫፍ ደርሶ ይመለስና ሁሉንም ያምታታዋል። አንድ ካርቶን ሙሉ አወጣልኝ። ትንሹን አነሳሁ።

«እሱን ተው፣ ገመድህ ረጅም ነው። መብራት ያለው ይሻልሃል። የድሮው ዲስክ ውስጡ የራሱ መዝጊያ አለው?»

«እኔ እንጃ።»

«እንግዲያው አልሸጥልህም። መጥቼ አያለሁ።»

መጣም... ግን ከሽማግሎቹ ጋር እኩል። እነሱ ሳሎን ተደርድረው እሱ ጠረጴዛ ሥር ተንበረከከ።

አባቴ ጠጋ ብሎ «ማነው ይሄ ሰውዬ?» አለኝ።

«የማህሼቭ ሐኪም ነው።»

የድሮውን ዲስክ ፈታው። አሁን መሀል ላይ ስለዋለ መዝጊያ አያስፈልገውም ብሎ ሦስት ጥቃቅን ነገሮች በጉጠት ነቀለ። መብራት ያለውን መጨረሻው ዲስክ ላይ ሰካ። አረንጓዴዋ በራች... የአክስቴ ስሞች መጡ።

እኔ ሳነብ የስንዱ አያት በጣታቸው ይቆጥራሉ። ስድስተኛው ቤት ላይ «ብርቄ» ስል ጣታቸው ቆመ።

«ብርቄ እኛም ዘንድ አለች» አሉ።

 ከአያቷ ጋር የመጣችው ስንዱ ከወጥ ቤት በር ላይ ታየኛለች።

«የየት አገሯ ናት?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«የወገራዋ።»

«እህ... የኛዋ የስሜኗ ናት» አሉና ጣታቸውን አጠፉ። ሰባተኛውም ንጹሕ ወጣ። ቤቱ በእልልታ ተሞላ።

ሩስያዊው ምን እንደተባለ ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። «ዝምድና ቢገኝስ ኖሮ?» አለ። ለአያት ተረጎምኩላቸው።

«ያን ጊዜማ የሰካውን መዝጊያ መልሶ ይነቅለው ነበር» አሉ፣ ፈገግ እንኳን ሳይሉ።

በሰርጋችን ቀን ሰውየውን ከጎናቸው አስቀመጡት... ሲጫወቱ አመሹ፣ በምን ቋንቋ እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ አላወቅኩም።