አባቴ ያልተኙበት ፈተና

ፀሐይ የመታው የጥጥ ፍራሽ የራሱ ሽታ አለው። የተቆላ ገብስ ይመስላል፤ ትንሽ ደግሞ አቧራ አቧራ ይላል። ዛሬ ጠዋት ፍራሹን ከሰገነቱ ብረት ላይ አንሥቼ ሳስገባ ያ ሽታ ፊቴን ሞላው፤ ደጃፉ ላይ ቆሜ ቀረሁ። የሚቸኩልብኝ ሰው አልነበረም። ተማሪዎቼ የሚመጡት ከሰዓት በኋላ ነው፤ ልጆቼም ከቤት ከወጡ ቆይተዋል።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከጃናሞራ መጥቼ ጎንደር የቀን ሥራ ስሠራ፣ አንዲት ጃፓናዊት ሺያትሱ ታስተምራለች ሲባል ሰማሁ። የደከመ ገላን በአውራ ጣትና በመዳፍ እየተጫኑ የማሳረፍ ጥበብ ነው። ፒያሳ አጠገብ ጣሊያን የሠራው አሮጌ ቤት ፎቅ ላይ ትኖር ነበር። አራት ሆነን ጀመርን፤ ሦስቱ ጥቅሙ አልታያቸው ብሎ ተዉት። እኔ ቀረሁ፤ ግትር ስለነበርሁ እንጂ ጎበዝ ስለነበርሁ አይደለም። እንዲያውም የሰውን ጀርባ ጭቃ እንደ ያዘው መኪና እገፋው ነበር።

"አትግፋ" ትለኝ ነበር መምህሬ በተሰባበረ አማርኛዋ። "ተደገፍ። እሱ ሲተነፍስ፣ አንተ ተደገፍ።"

ይህን ለመልመድ ዓመት ፈጀብኝ። እጄ ለመደው፤ ጠባዬ ግን አልለመደውም። ልጆቼን ሳሳድግ እስከ መጨረሻው ገፋኋቸው።

ወደ አገሯ ልትመለስ አንድ ሳምንት ሲቀራት ፈተናዬን ነገረችኝ። በዚህ ነገር የማያምን ሰው አመጣለሁ፤ አንድ ሰዓት እጫነዋለሁ። ሰው እያየው ማንም አይተኛምና እሷ ውጭ ሰገነቱ ላይ ትቀመጣለች። ሰውየው ከተኛ የምስክር ወረቀቴን ትፈርማለች። ወረቀቱን አሳየችኝ፤ ሁሉም በጃፓንኛ ሆኖ ስሜ ብቻ በአማርኛ ተጽፎበታል።

የማያምን ሰው ፍለጋ ሩቅ አልሄድሁም። አባቴ ያን ሰሞን ወገባቸውን ሊታከሙ ከአገራችን ከመካነ ብርሃን መጥተው እኔ ዘንድ አርፈው ነበር። ገበሬ ናቸው፤ በአገሩም የተጣላ የሚያስታርቁ፣ ቃላቸው የሚሰማ ሽማግሌ። መምህሬ ቤት ስንደርስ ፍራሹን መሬት ላይ ተነጥፎ ሲያዩ ቆሙ።

"ምነው፣ ሬሳ ነኝ እንዴ መሬት የምጋደም?"

"ሥርዓቱ እንዲህ ነው አባባ። ልብስም አያወልቁም።"

"ቅቤውስ?"

"ቅቤ የለውም።"

"ያለ ቅቤ የሚያሽ ወጌሻ!" ብለው ወደ መምህሬ ዞሩ። "ምነው፣ ሴትዮዋ ጾመኛ ናት?"

እሷ ምኑም ሳይገባት ጎንበስ ብላ እጅ ነሣችና ወጣች። አባቴም ጎንበስ ብለው አጸፋውን መለሱ። "ሸጋ ሰው ናት፤ ሰላምታ ታውቃለች" አሉና ጋቢያቸውን እንደ ለበሱ በደረታቸው ተጋደሙ።

እስከዚያች ቀን የአባቴን ጀርባ ነክቼ አላውቅም ነበር። ከአከርካሪው ግራና ቀኝ ቀስ እያልሁ ወረድሁ። ሥጋው እንደ ጠፍር ደርቋል። ከታች የጋሪ ፈረሶች ኮቴ ይሰማል፤ ከዚያ የቀትሩ አዛን ተሰማ፤ ከዚያ ዝም አለ። ግማሽ ሰዓት ሲያልፍ ትንፋሻቸው ረዘመ፤ ተጨብጠው የነበሩት ጣቶቻቸው ተፈቱ። ተኙ። አባቴን ተኝተው ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነበር። እኛ ከተኛን በኋላ የሚተኙ፣ ሳንነሣ የሚነሡ ሰው ነበሩ።

ሰዓቱ ሲሞላ በሩ ሲጢጥ አለ። አባቴ ብድግ ብለው ተቀመጡ። የትራሱ ጥልፍ ጉንጫቸው ላይ ታትሟል።

"ተኛ?" አለች መምህሬ፣ ወረቀቱን እንደ ያዘች።

"እኔ?" አሉ አባቴ። "በቀትር? በሰው ቤት? ዓይኔን ነው የከደንሁ። ይኸው፣ ልጄ ምስክር ነው።"

በእኛ አገር ቀን በሰው ቤት ሲያንቀላፋ የተገኘ ሽማግሌ መሳቂያ ነው፤ ሊፈርድ ሲቀመጥ ያንን ያነሡበታል። መምህሬ ይህን አታውቅም። ወደ እኔ ዞረች።

"አንተ ንገረኝ።"

አባቴ አያዩኝም፤ ወለሉን ነው የሚያዩት።

"አልተኙም" አልሁ።

ጉንጫቸውን አየች፤ እኔን አየች። የገባት ነገር ይኑር አይኑር እስከ ዛሬ አላውቅም። ወረቀቱን ወደ ፖስታው መለሰችው። "ይቅርታ" አለችኝ። በዚያው ሳምንት ሄደች።

የተወችልኝ ሥዕል ያለበት አንድ መጽሐፍ ነው፤ ጽሑፉን ማንበብ አልችልም። የጎደለኝን ከሥዕሉና ከሰው ጀርባ ተማርሁ። ተማሪዎቼ "ማስረጃዎት የት አለ?" ሲሉኝ "የለኝም" እላቸዋለሁ፤ አንዳንዱ በማግሥቱ አይመለስም። ውሸት የተናገረ ልጄን ራት ከልክዬ ያሳደርሁ ሰው ነኝ። ያችን አንዲት ውሸት ግን ለንስሐ አባቴ አልተናገርኋትም፤ ልጸጸትባት ብሞክር እንቢ አለኝ።

አባቴ ስለዚያ ቀን ትንፍሽ ብለው አያውቁም። ካቻምና፣ ተዘግቶ የከረመው መንገድ ሲከፈት፣ መድከማቸውን ሰምቼ ወደ መካነ ብርሃን ወጣሁ። ሁለት ቀን ሰነበትሁ። የምመለስበት ዕለት ጠዋት መደቡ ላይ አጋድሜ ተጫንኋቸው። ያ ጀርባ አልቋል፤ ከጣቴ ሥር የሚገኘው አጥንት ብቻ ነው። ትንፋሻቸው ረዘም ሊል ሲል ዓይናቸውን ይገልጣሉ። እንደገና ሊከደን ይልና እንደገና ይገልጣሉ።

"አባባ፣ ትንሽ ቢያንቀላፉ ምናለበት?"

"አልተኛም።"

"ደክሞዎታል እኮ።"

"ከተኛሁ ትሄዳለህ።"

እውነታቸውን ነበር። እጄ እሳቸው ላይ ቢሆንም ጆሮዬ መንገዱ ላይ ነበር። መጫኔን ቀጠልሁ። የደባርቁ መኪና ክላክስ ሲሰማ እጄን አነሣሁ፤ ጋቢያቸውን አለበስሁ፤ ጉልበታቸውን ሳምሁ። ዓይናቸው እንደ ተገለጠ ነበር የተለየኋቸው።